የሃልቮር ትቬት ዝምታ

ወንድሜ ሃልቮር ዝምተኛ ነው፤ የድልድይ ነገር ሲነሳ ግን አፉን የሚያስይዘው አልነበረም። ሚስቱ ራግና በረዶ በሚቀልጥበት ወቅት ከተገለበጠችው መሻገሪያ ጀልባ ጋር ወንዙ ውስጥ ቀረች። ከዚያ ወዲህ በየእርሻው እየዞረ «የብረት ድልድይ ካላሠራሁ ስሜን ለውጡት» ይል ጀመር። እኛም ወደ ሚኒሶታ ግዛት ምክር ቤት የላክነው ለዚሁ ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ላክነው፤ ድልድዩ ግን ሁልጊዜ «ለከርሞ» ይባላል።

በመጨረሻ ነገሩ ለድምፅ ቀረበ። እኔ ከላይ ሰገነቱ ላይ ተቀምጬ ስሙ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። ተጠራ፤ ተነሣ።

«ከአቶ ፔቲንጊል ጋር ተጨባብጠናል» አለ። «እሳቸው ታመው ቀርተዋል። ቢኖሩ ይቃወሙ ነበር፤ እኔ እደግፍ ነበር። ስለዚህ ድምፅ አልሰጥም።»

ብሎ ቁጭ!

የዚያ ቤት ወግ ነው። አንዱ ርቆ ሲሄድ ከተቃራኒው ወገን ያለ ሰው «እስክትመለስ እኔም ድምፅ አልሰጥም» ብሎ ይጨብጠዋል። በሕግ የተጻፈ አይደለም፤ ያፈረሰውን ግን ሰው ሰላም አይለውም። ድምፁ እኩል ለእኩል ወጣ፤ እኩል ማለት ደግሞ ወደቀ ማለት ነው።

«አንተ ሰው፣ አብደሃል?» አልኩት ደረጃው ላይ።

«ጨብጬዋለሁ እኮ፣ ጉንሂልድ።»

«ራግናስ?»

ባርኔጣውን አጥልቆ ጥሎኝ ሄደ።

ተቃጠልኩ። ደግሞም ይሄ ከድልድይ የበለጠ እጅ የማን እንደሆነ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ፔቲንጊል ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር ሁሉ የሚያንገሸግሸው፣ ከደቡብ ወረዳ የተመረጠ ሽማግሌ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ያረፈበት ቤት ሄድኩ። ብርድ ልብስ ተደራርቦበት ተኝቷል፤ ከሲታ ነገር።

«የትቬት እህት ነኝ» አልኩት።

«ድልድዩ አለፈ?» አለኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ምን ቸገረዎት? ወደቀልዎት!»

በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «እንዴት ይወድቃል? ወንድምዎን ጨብጬ የሄድኩት እኮ ወንዙን በዓይኔ ላየው ነበር። በዚያች ጀልባ ተሻገርኩባት። ይሄ ብርድ የገባኝ እዚያ ነው። እናንተ ሰዎች፣ በዚያች ነገር ላይ ልጆች ታሳፍራላችሁ?»

«ታዲያ ሊደግፉት ነበር?»

«መቆም ብችልማ ኖሮ!»

«ለምን አልላኩበትም?»

«ይመጣል ብዬ። መጥቶ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»

«እሱ የታመመ ሰው ደጅ ድምፅ ልመና አይሄድም።»

«እኔስ፣ ካልጠየቀኝ ሰው ኋላ እሮጣለሁ?» አለና ሳሉ ያዘው።

ወጣሁ። ለሃልቮር ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን እራቱን ሳይነካ አየሁት። ያለቀ ነገር ነው፣ ቁስሉን ምን ልነካካው ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

በማግስቱ ባቡሩ ወንዙ ዳር አወረደን። የጎረቤታችን ልጅ ኦላ ነው ጀልባዋን በገመድ እየሳበ የሚያሻግረው። በረዶው ተሰባብሮ ይወርዳል። መሃል እስክንደርስ ታገሠና፣

«እሺ፣ አለፈ?» አለ።

«አላለፈም» አለ ሃልቮር።

«ስንት ድምፅ ጎደለው?»

«አንድ።»

«የየትኛው እርጉም?»

«የእኔ።»

ኦላ ገመዱን ይዞ ቀረ። ወንድሜ ውሃውን አያይም ነበር፤ እዚያ ቦታ ስንደርስ አይቶት አያውቅም። አንጀቴን በላው።

«አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው» አልኩ ሳላስበው። የፔቲንጊልንም ነገር አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት።

ሃልቮር ቀስ ብሎ ዞረ። «መቼ ነው የነገረሽ?»

«ትናንት።»

«ምክር ቤቱ እኮ ገና አልተዘጋም! ሰውዬው ቃሌን ከፈታልኝ ነገሩ እንደገና ለድምፅ ይቀርባል። ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔ ምን አውቄ! አልጠየቅከኝ።»

አንድ የበረዶ ቋጥኝ የጀልባዋን ጎን ገጭቶ አለፈ።

«ኦላ፣ መልሰን» አለ ሃልቮር።

«እዚህ መሃል ላይ? በረዶው አይታይህም እንዴ?»

«መልሰን ነው የምልህ። ሄጄ እጠይቀዋለሁ።»

ኦላ እያጉረመረመ እጁን በገመዱ ላይ አዞረ። እኔም ጓንቴን አውልቄ ከወንድሜ አጠገብ ቆምኩና ገመዱን ያዝኩ።