ሻዩን ያልጨረሰው ጎረቤት

ሽጉጤ እህቱን ለብሪስቶል ድሯት ጨርሷል፤ የቀረው እሷን መጠየቅ ብቻ ነበር። ባለፈው እሁድ ጉባኤ መሀል ተነስቶ፣ «ጌታ እህቴን ከካትሌሆንግ አንስቶ እንግሊዝ አገር፣ ወደብ ዳር ቪላ ውስጥ አስቀመጣት!» ብሎ መሰከረ። ጉባኤው እልል አለ። ተቀመጠች የተባለችው ኤርጎጌ ግን በዚያች ሰዓት እዚያው ደቡብ አፍሪካ፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቋ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆማ ዳቦ ትሸጥ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣው ዓብዩ ነው፤ ብሪስቶል የሚኖር ያገራቸው ልጅ፣ ሚስት በስልክ የሚፈልግ። የማይልከው ፎቶ የለም። ገደልን ከገደል የሚያገናኘው ተንጠልጣይ ድልድይ «ከኩሽናዬ መስኮት የሚታይ» ነው። ወደቡ ላይ የተገተሩት አሮጌ ክሬኖች «የሰፈራችን» ናቸው። ከተማው ሁሉ የሱ ንብረት ሊሆን ምንም አልቀረው! ሳሎኑማ አይነሳ፤ ወርቅማ ቀለም የተቀቡ ምሰሶዎች፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ። ጫፉ ላይ «ጎረቤቴ ሚስተር ጆን» ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ የሻይ ኩባያውን አፉ ላይ አስጠግቶ ተቀምጧል።

ሽጉጤ ለሱቁ ገዢ አግኝቷል። ቅዳሜ ሊያስረክብ ትርፍ ቁልፉን ከወዲሁ ኪሱ ከቶ ይዞራል። ሱቁን ያቆመችው ኤርጎጌ ናት፤ ሁለቴ ተዘርፋ ሁለቴ መልሳ ሞልታዋለች። መሸጡን አልወደደችውም፤ ወንድሟን እምቢ የምትልበት ምክንያት ግን አጣች።

ሐሙስ ዕለት ገበያው ሲቀዘቅዝ ዓብዩ ለገናና ለፋሲካ የላካቸውን የሳሎን ፎቶዎች ጎን ለጎን አየቻቸው።

«ሽጉጤ፣ ና እስቲ። ይሄ ሰውዬ ከገና ጀምሮ ሻዩን አልዋጠም።»

«እንግሊዝ ሻይ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው።»

«እስከ ፋሲካ?»

«ሥልጡኖች ናቸው ስልሽ!»

ፎቶውን አጎላችው። ሚስተር ጆን ጆሮው ላይ አቧራ ተኝቷል። ከጠረጴዛው ፊት ደግሞ ቀይ ገመድ ተወጥሯል፤ ሰው በገዛ ሳሎኑ ገመድ ይወጥራል እንዴ?  ወዲያው ስፒከር ላይ አድርጋ ለዓብዩ ደወለች።

«ወንድም ዓብዩ፣ ሚስተር ጆንን እስቲ ሰላም ልበለው።»

«ተኝቷል፣ እህቴ።»

«ሻዩን ሳይጨርስ? አሻንጉሊት ነው አይደል?»

 የዓብዩ ድምፅ ቀጠነ። «አዎ… ሳሎኑም ሙዚየም የተደረገ አሮጌ መርከብ ውስጥ ነው… ጎብኚ ሳይገባ ጠዋት ጠዋት የማጸዳው እኔ ነኝ። ጽዳት ነውር ነው እንዴ?»

«ምን ነውር አለው? እኔም ሱቄን እጠርጋለሁ። ግን እኔን ከየትኛው ገመድ ጀርባ ልታስቀምጠኝ ነበር?»

ዘጋችበት። ሽጉጤ ራሱን ይዞ ቀረ።

«ጽዳትም ቢሆን እኮ የእንግሊዝ ጽዳት ነው» አለ። ፊቷን አይቶ ነገሩን ተወው። «እሺ፣ ጉባኤውን ምን ልበለው? መስክሬያለሁ እኮ!»

«ጌታ እህቴን ከውሸታም አዳናት በል።»

«ሳውቦና፣ ሲሲ! ዳቦ አለ?» አለች አንዲት ደንበኛ ከፍርግርጉ ውጭ፣ በዙሉ ሰላምታ ሰጥታ።

ኤርጎጌ ለደንበኛዋ ዳቦውን በአንድ እጇ አቀበለች፤ ሌላውን ወደ ወንድሟ ዘረጋች።

«ቁልፌን ወዲህ በል።»