ይተነፍስ ነበር

ከጦርነቱ በኋላ በተሰሎንቄ ለአይሁድ ሙሽሮች ሁሉ የነበረው ቀሚስ አንድ ብቻ ነበር፤ ከፓራሹት ጨርቅ የተሰፋ። ጠባቂው ቪዳ ናት። ሦስት ሴቶች ልጆች ወልዳ ሦስቱንም ጀርመን አቃጥሎባታል፤ ከዚያ ወዲህ የሰውን ልጅ ሁሉ ትቆጣለች። ቀሚሱን እሑድ ታለብሳለች፣ ሰኞ አጥባ ታሰጣለች።

«ቀጥ በይ!» አለቻት ጆያን፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች። «ካንቺ ቀጥሎ ስድስት ሙሽራ ይጠብቀዋል። በላብሽ እንዳታበላሽብኝ።»

«ነገ ረቢው ፊት ሳልቆም ሙሽራ ነሽ ያለኝ ማነው፣ እትዬ ቪዳ?»

«ሳባታይ ‹ባሏ ሞቷል› ይላል፣ ረቢው አግቢ ይላል፣ አለቀ። ምን ያንቀጠቅጥሻል? ደረትሽን ንፊ እንጂ፣ ያለሽንም ቢሆን!»

ጆያ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ፔፖ ጫማ ሰፊ ነበር። ጀርመኖች አግዘዋቸው ፖላንድ ከባቡር ሲወርዱ እሱን ወደ አንድ ሰልፍ፣ እሷን ወደ ሌላ ገፏቸው፤ ከዚያ በኋላ አላየችውም። በሕጋቸው ባሏ መሞቱን የሚመሰክርላት የሌለ ሴት መቶ ዓመት ብትኖርም የሰው ሚስት ናት። ማይር የሚባል ዓሣ ሻጭ፣ ሚስቱንና አራት ልጆቹን ያጣ፣ እንጋባ ብሏታል። ፍቅር አይደለም፣ ማንም ፍቅር ነው አላለም። ማይር ምድጃ ያለው አንድ ክፍል አለው። የሷም የወር አበባ ከሦስት ዓመት በኋላ ገና በዚህ ጸደይ ነው የተመለሰላት። አንድ ልጅ ትፈልጋለች፣ አንድ ብቻ፣ ማህፀኗ ሳይዘጋ።

የሕጋቸው ዳኛ ረቢው ክፉ ሰው አልነበሩም። «ወንድ ይሁን ሴት አንድ ሰው ይበቃኛል» ብለዋታል። «‹ሞቶ አይቼዋለሁ› ይበለኝ እንጂ እንዴት ብዬ አላደርቀውም። አንቺም አትጠይቂው፣ ልጄ።»

ሳባታይ የወደብ ተሸካሚ ነው፤ በጀርመኖቹ እስር ካምፕ ከፔፖ ጋር አንድ ጣውላ ላይ ይተኙ ነበር። እመሰክራለሁ ብሏል። ጆያ ከቪዳ ቤት ወጥታ ምስጋናዋን ለማድረስ ዳቦና ሰርዲን ይዛ ወደብ ወረደች። ከዱቄት ጆንያ ላይ እግሩን አንዘላዝሎ ተቀምጦ አገኘችው። ዳቦውን ልትሰጠው ስትጠጋ ዐይኗ ተረከዙ ላይ አረፈ።

«ጫማህን ማን ሰፋው?»

«ከዚያው ነው ያመጣሁት።»

«ከየት አመጣኸው አላልኩህም፣ ማን ሰፋው ነው ያልኩህ። ይሄን የዓሣ አጥንት የመሰለ ስፌት የሚሰፋ አንድ ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ክሩን ሰም የቀባሁለት እኔ ነኝ።»

ሳባታይ እግሩን ከጆንያው ኋላ ሸሸገ። «ነገ የምትፈልጊውን እላለሁ፣ ጆያ። ዛሬ ተይኝ።»

ያኔ ዞር ብላ ብትሄድ ኖሮ እሑድ ቀሚሱን ትለብስ ነበር። አልሄደችም። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከሞተ በኋላ ነው ያወለቅህለት?»

 ወደ ባሕሩ እያየ ተናገረ። «ጀርመኖቹ ከካምፑ አውጥተው በጥር በበረዶ እየነዱን ነበር። የተቀመጠውን ከኋላ የሚመጡት ወታደሮች ተኩሰው ይገድሉታል። ፔፖ ‹ትንሽ ልረፍ› ብሎ ተቀመጠ። የኔ የእንጨት ጫማ ተሰብሯል፣ እግሬ ደም በደም ነው። ጎንበስ ብዬ የሱን አንዱን ጫማ ፈታሁት። ዐይኑን ገልጦ አየኝ።»

«ምን አለህ?»

«ምንም። ሁለተኛውን እግሩን ራሱ ዘረጋልኝ።»

ጆያ ዳቦውን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቆራርሰው ጀመር። «ተኩስ ሰማህ?»

«ተኩስማ ቀኑን ሙሉ ነው። የሱ የትኛው እንደሆነ በምን ልወቅ?»

«ይተነፍስ ነበር?»

«ብርድ አይደል፣ ትንፋሹ ይታይ ነበር።» ከዚያ ድንገት ጮኸባት። «ሞቷል፣ አንቺ ሴት! በባዶ እግሩ፣ በዚያ በረዶ! እምላለሁ እኮ!»

«ሞቷል» አለች። «አንተ ግን አላየህም።»

በማግሥቱ ረቢው ፊት ቆሙ። ማይር የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ቆቡን በእጁ ይዞ በር ላይ ይጠብቃል። ሳባታይ አፉን ሊከፍት ሲል ጆያ ቀደመችው።

«ይተነፍስ ነበር፣ ረቢ።»

ረቢው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እኔ አልሰማሁም» አሉ ቀስ ብለው። «ጆሮዬ ደክሟል። ውጪና እንደገና ግቢ፣ ልጄ።»

ከዚያ በላይ ሰው ምን ያድርግላት? ወጣች፤ እንደገና ግን አልገባችም። ማይር ደረጃው ላይ ተከተላት።

«እኔ አራት ልጆቼን መቃብር እንኳ አላገኘሁላቸውም። አንቺ እኔን ባንድ ትንፋሽ ትለውጪኛለሽ?»

«እግሩን ዘረጋለት፣ ማይር።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አለና ቆቡን ደፍቶ ሄደ። በመከር ሌላ አገባ፤ ሚስቱ ያንኑ ቀሚስ ለበሰች። ቪዳ ወገቡን ለማጥበብ ለጆያ የሰፋችውን ስፌት ተረተረች። «ሞኝ!» አለቻት ጆያን መንገድ ላይ ስታገኛት። «ሬሳ አቅፈሽ ልታረጂ!»

ሳባታይ ጫማውን አንድ ጠዋት ደጃፏ ላይ ጥሎላት ሄደ። በሰም አሸችው፣ ክሩን አጠበቀችው። ከሰሜን ባቡር በመጣ ቁጥር በጨርቅ ጠቅልላ ጣቢያ ትወርዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ሰው ይወርድ ነበር፤ ኋላ ጥቂት፤ ኋላ ነጋዴና ወታደር ብቻ። እሷ የማንንም ፊት አታይም፣ አንገቷን ደፍታ እግር እግራቸውን ነው የምታየው።

የሚወርደው ሁሉ ጫማ አድርጓል።