ለአማት የተሰጠ ወታደር

ቢያዝን ለጃንሆይ ልደት የተዘጋጀውን የጎንደር ቼዝ ውድድር ማሸነፍ የፈለገው፣ ዕጣው ከሚስቱ አባት ከአያ አላምረው ጋር እስኪያገናኘው ድረስ ብቻ ነበር። ሽማግሌው በአገር ቤቱ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ሰው ረትቷቸው አያውቅም ይባላል፤ አማቾቻቸውማ እየተፈራረቁ ይሸነፉላቸዋል። ቢያዝን ግን ገና አዲስ አማች ነው፤ ገጥሟቸው አያውቅም። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሚስቱ እናኑ፣ «አባቴን በሰው ፊት እንዳታዋርዳቸው። ብትለቅላቸው ደግሞ ያውቁብሃል» አለችው። እንግዲህ ይህን ትእዛዝ የሚፈጽም ይፈጽም!

አያ አላምረው የሐምሌን ጭቃ አቋርጠው ከኮላ ድባ በበቅሎ መጡ። ጨዋታው እንደተጀመረ ቢያዝን በሁለተኛው ተራ ከንጉሡ ጎን ያለውን ወታደር እንዲበሉት አቀረበላቸው። የንጉሥ ጋምቢት ይሉታል፤ ሰጪው አንድ ወታደር ያጣና ለማጥቃት መንገድ ይከፈትለታል። ሽማግሌው ወታደሩን ገላመጡትና ፈረሳቸውን አወጡ። ወዲያው ሁለተኛውን ፈረስ አስከተሉ። ሦስተኛ ሊደግሙ ሲሉ ዳኛው ብድግ አለ።

«አያ፣ በተራ ነው እንጂ!»

«ምነው? መች ተበላላን?»

በድሮው ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን እንደልባቸው ያሰልፋሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው፣ «ደንቡን ጥሰዋል፤ ከፈለግህ ጨዋታው ላንተ ይሰጣል» ሲለው የቢያዝን ፊት በኀፍረት ጋለ።

«አልፈልግም። ሁለተኛውን ፈረስ ይመልሱና እንቀጥል።»

መለሱ። ተራቸው ሲደርስም በንዴት ወታደሩን በሉት። መንገዱ የተከፈተላቸው የቢያዝን ጠጠሮች ግር ብለው ገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ የአማቱ ንጉሥ በአንድ እርምጃ የሚያዝ ሆነ። ቢያዝን ይህን ሲያይ የእናኑ ቃል ትዝ አለው። እንዳላየ ሆኖ ዳር ያለ ወታደር ሊገፋ እጁን ሰደደ።

«አንተ!» አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ። «እኔም አይቼዋለሁ። ዓይኔ ገና ሸጋ ነው።»

እጁን ሰበሰበ። ንግሥቲቱን አነሳና ንጉሡን መውጫ አሳጣው። ከዚያ ቀና ብሎ አማቱን ማየት አቃተው።

አያ አላምረው ግን ከት ብለው ሳቁ።

«ሦስቱ አማቾቼ ዓመት ሙሉ እንደ በሽተኛ ሲያስታምሙኝ ከረሙ። ሲለቁልኝ የማላውቅ ይመስላቸዋል! ተመስገን፣ አንድ ሰው አገኘሁ።»

ሽማግሌው ራሳቸው የቢያዝንን ክንድ ይዘው አስነሡትና አብረው ወጡ። እናኑ ደጅ ላይ ተጨንቃ ቆማለች። ባሏ አፉን ሳይከፍት አባቷ ቀደሙት።

«ረታኝ!» ብለው ጮኹ፤ በሠርጓ ቀን እንኳ እንዲህ ደስ ብሏቸው አልታዩም።