ወደፊት የተገፋው ቀን

"የመጨረሻ የወር አበባሽን ያየሽበትን ቀን እርግጠኛ ነሽ?" አለች ነርሷ።

"እርግጠኛ ነኝ" አለች እህቴ፣ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን እየረገጠች። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ከጎኗ ተቀምጠዋል።

ነርሷ በትዕግሥት ደግማ አስረዳች። በደም ምርመራው፣ ከፅንሱ ወደ እናቱ ደም የሚያልፈው ፕሮቲን ከመጠን በላይ ሆኗል። የልጁ አከርካሪ ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ወይም እርግዝናው ከተነገራት ገፍቶ ይሆናል፤ ፕሮቲኑ በየሳምንቱ ስለሚጨምር ቀኑ ከተሳሳተ ጤነኛው ልጅም በሽተኛ ይመስላል።

እህቴ ያረገዘችው ከሰርጓ በፊት ነው። ይህን የምናውቀው እሷ፣ ባሏና እኔ ነን። ለአማቷ ብላ ቀኑን አንድ ወር ወደፊት ገፋችው፤ አማቷ ከምርመራ ክፍል ወጥተው ስለማያውቁ ለነርሷም ያንኑ ነገረቻት።

"ተናገሪ እንጂ" አልኳት።

"አንቺ ምላሳም፣ ዝም በይ!"

"ለሰው አፍ ስትይ ልጅሽን በሽተኛ ልታሰኚው ነው?"

ወለሉን እያየች "አንድ ወር ይበልጣል" አለች። "ከሰርጉ በፊት ነው።"

አማቷ በረጅሙ ተነፈሱ። "ይቺን ለመናገር ነው ይሄን ሁሉ ያማጥሽው? አራት ወልጄ ሆድ አይቼ የማላውቅ መሰለሽ? የባልሽ ታላቅ ወንድምስ መች ሰርጌን ጠበቀ!"

ነርሷ ሳቀች። እህቴም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እኔ ደግሞ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ነርሷ አዲሱን ቀን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

"ብልጫው ቀንሷል" አለች። "ግን ፕሮቲኑ አሁንም ከፍተኛ ነው። አሁኑኑ አልትራሳውንድ መታየት አለብሽ።"

አልትራሳውንድ ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ሐኪሙ መሣሪያውን እህቴ ሆድ ላይ እያንሸራተተ አንድ ቦታ ደጋግሞ ተመለሰ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ የልጁን ወገብ በጣቱ አሳየን።

"እዚህ ጋ አልተዘጋም።"

"ስለዋሸሁ ነው?" አለች እህቴ።

"አይደለም፤ ይሄ የሚሆነው ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው።"

አማቷ የምራታቸውን እጅ ያዙ። "አይዞሽ፣ ልጄ።"

እህቴ ግን ሐኪሙን ነበር የምታየው።

"ዶክተር፣ ቀኑን አሁንም ተሳስቼ ይሆናል። ከዚያም በፊት ሊሆን ይችላል። እንደገና አስሉት።"

ሐኪሙ ሆዷ ላይ የቀረውን ቅባት እንድትጠርግበት ሶፍት አቀበላት።