ያልተከፈተው ካርቶን

ወንድሜ ሃይደር ሲኤምሲ ከምንሠራው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ወድቆ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። ኮንትራክተሩ አቶ ገሰሰ ቦሌ አራብሳ ቤታችን ድረስ ለቅሶ መጥቶ፣ እናቴ ፊት፣ "የደህንነት ቀበቶ ሰጥተነው አልታጠቅም ብሎ እኮ ነው" አለ። የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝ። ውሸቱን እያወቅኩ አንገቴን ደፍቼ ቂሜን ቋጠርኩ።

ትናንት ጠራኝ።

"ሀጀር፣ ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ቀበቶዎቹን ከፕላስቲካቸው አውጪና የሲሚንቶ አቧራ ነስንሺባቸው፤ ያገለገሉ ይምሰሉ።"

"እሺ ጋሼ" አልኩት። ከሃይደር ሞት ወዲህ ደስ ሲለኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ተቆጣጣሪው ከአቶ ገሰሰ ጋር ግቢውን ሲዞሩ፣ የቀበቶዎቹን ካርቶን እንደታሸገ ተሸክሜ መጥቼ፣ እግራቸው ሥር ቀድጄ ዘረገፍኩት። ሃያውም ቀበቶ ፕላስቲኩ ውስጥ ነው፤ አንዱም እጅ አልነካውም።

"ጋሼ፣ ሃይደር አልታጠቅም ያለው የትኛውን ነው? እስቲ ያሳዩን።"

የአቶ ገሰሰ ፊት አመድ መሰለ። "ሐዘን ላይ ናት፤ የምትናገረውን አታውቅም" አለ።

ወደ ተቆጣጣሪው ዞርኩ።

"ይጻፉት። ሃይደር የሞተ ዕለት ጠዋት ቀበቶ ስጪኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር። 'ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነው የሚወጣው፤ የጋሼ ትእዛዝ ነው' ብዬ በሩን ቆለፍኩበት። መጀመሪያ የጋሼ ገሰሰን ስም ይጻፉ። ከሥሩ የእኔን።"