ተገልብጦ የተለጠፈው

«ያ መኪና ነው የገደለው» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ሐኪሞቹ ልብ ድካም ይሉታል። ልጅ የአባቱን ሥራ አቃጥሎ፣ ጥሎት ሲሄድ የማን ልብ ነው የማይደክመው?»

ለሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ክፍሉ በሰው ጢም ብሏል። የሟቹ ልጅ ከጎረቤት የተዋሳቸውን ሁለት ወንበሮች አንጠልጥሎ በሩ ላይ ደርሶ ነበርና ሰማ። ወንበሮቹን ድምፅ እንዳያሰሙ ቀስ አድርጎ ግድግዳው ሥር አስቀመጣቸውና በመጣበት እግሩ ተመለሰ።

እናቱ አየችው። የጀርባው አወራረድ ቁርጥ አባቱን ነው። አፏን ከፈተች፣ መልሳ በነጠላዋ ሸፈነችው። አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤት ያለቀሰች መስሏት ጀርባዋን ታሻሽላት ጀመር።

«አይዞሽ፣ እሱ አርፏል።»

«አዎ» አለች። ማረፉን ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ሟቹ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ስለሚያዳምጥ ሹፌሮች «ዶክተሩ» ይሉታል። «በሽተኛው ምን አለ ዶክተር?» ሲሉት «ሹፌሬን ቀይሩልኝ አለ» ይላቸዋል፣ ፈገግ ሳይል። ጋራዡ ከቤቱ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ልጁ እዚያ ጣሪያ ሥር አድጎ፣ ሙያውንም እዚያው ተምሮ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው የአባቱ ባልደረባ ሆነ።

ባለ ዳቦ ቤቱ የማከፋፈያ መኪናውን ጎትቶ ያመጣው ያለፈው ዓመት ነበር። ሞተሩ አልቆለታል። ከተጋጨ ሌላ መኪና የወጣ አዲስ ሞተር ተገኘለት፤ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው።

«ሞተሩን ማስገባት የጉልበት ሥራ ነው» አለ ዶክተሩ። «ማግባባቱ ነው ሥራ። ይሄ ሽማግሌ አካልና ይሄ ጎረምሳ ሞተር ቋንቋ ለቋንቋ አይተዋወቁም። ሽቦው ነው አስተርጓሚያቸው።»

አርባ ሦስት ሽቦ ነበር። የአባትየው ዓይን ደክሞ ስለነበር ልጁ አንድ በአንድ እየለካ፣ በነጭ ፕላስተር ላይ እየጻፈ፣ እያንዳንዱ ሽቦ ላይ ለጠፈ። የነዳጅ ፓምፕ። ፍሬቻ። የማቀዝቀዣ። ሞተሪኖ። ሦስት ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ አባቱ የሽቦውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ከኔ ትበልጣለህ» አለው። ሰውዬው በሃያ ዓመት አንድ ጊዜ የሚያመሰግን ሰው ነበር።

በማግስቱ ሁለቱም ዕቃ ፍለጋ ወጡ። እናትየው ጋራዡን ልትጠርግ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ያ ጥቅል በግራሶ ተጨማልቆ አየችው። የባሏ እጅ ቀኑን ሙሉ በዚህ ሊጠቁር ነው ብላ አሰበች። ማንም አላዘዛትም። ሳፋ አመጣች፤ በሳሙና ውኃ በነከረችው ጨርቅ ሽቦዎቹን እየያዘች ትወለውል ገባች። ደስ እያላት ነበር የምትሠራው። ወደ ሳፋው ዞር ብላ ስታይ ነጫጭ ፕላስተሮች ውኃው ላይ ተንሳፍፈው ነበር። አሥራ አንድ ናቸው።

ማንበብ አትችልም። ባሏ ያውቃል። ልጇ ግን አያውቅም። ሕፃን ሳለ ደብተሩን ሲያሳያት ገጹን ፊቷ ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ከግራ ወደ ቀኝ እያስኬደች «ጎበዝ!» ትለው ነበር። ያደገው በዚያ «ጎበዝ» ነው።

ፕላስተሮቹን ፀሐይ ላይ አደረቀቻቸው። ከዚያ ባዶ ሽቦ ላይ ሁሉ አንድ አንድ ለጠፈች፤ በአውራ ጣቷ ጭምቅ እያደረገች። ከሩቅ ሲያዩት እንደ ቀድሞው ነበር።

ልጁ ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ፕላስተሩን እያነበበ ሽቦውን ሁሉ አገናኘ። እንደዚያ ተኝቶ ለሚያነብ ሰው ሁሉ ነገር ግልብጥብጥ ነው። ባለ ዳቦ ቤቱም አጎትየውም ቆመው ሲያዩ አባትየው ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ዝም። የመስታወት መጥረጊያው ግን ተነሥቶ መወዛወዝ ጀመረ። ፍሬን ሲረግጥ የግራ ፍሬቻ በራ።

«ይቺ መኪና ዳቦ ትታ ጭፈራ ቤት ልትገባ ነው እንዴ?» አለ ባለ ዳቦ ቤቱ። ሳቁ።

አባትየው ፊውዝ ቀይሮ ደግሞ አዞረ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ከኮምፒውተሩ ሣጥን ቀጭን ጭስ ወጣ። ያኔ ማንም አልሳቀም።

አባትየው ቴስተሩን አንሥቶ ሦስት ሽቦ ለካ። ሦስቱም ከተጻፈባቸው ጋር አይገናኙም።

«ምንድነው የጻፍከው?»

«በትክክል ነው የጻፍኩት፣ አባዬ። ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የለካሁት።»

«ታዲያ ሽቦው ነው የዋሸው? የጻፈውን የማያውቅ ሰው የሰው ንብረት አይነካም። ውጣልኝ ከፊቴ!»

ልጁ የአባቱን ፊት አየ። ከዚያ የእናቱን። እሷ ሻይ ይዛ መጥታ ቆማለች፤ ዓይኗን ትሪው ላይ ካሉት ብርጭቆዎች አላነሣችም። ልጁ ልብሱን ሸክፎ ሄደ፤ ሩቅ ከተማ ሌላ ጋራዥ ተቀጠረ። በስምንተኛው ወር የመጣው ለቀብር ነው።

በአምስተኛው ቀን ባለ ዳቦ ቤቱ መጣ። ባርኔጣውን እጁ ላይ እያሽከረከረ ተቀመጠ፤ «ያጽናሽ» አለ፤ ሻዩን ሳይቀምስ አቀዘቀዘው። ሲነሣ ልጁን ወደ ጥግ ወስዶ ሹክ አለው።

«አሁን ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባትነዳም ግድ የለኝም፤ ሐዘንተኛ ቤት የኔ ቆሻሻ እንዳይቆም ብዬ ነው። ልጎትታት?»

«መጀመሪያ ልያት» አለ ልጁ።

ልጁ ወደ ጋራዡ ሲሄድ እናቱ ተከተለችው። ለምን እንደተከተለችው ራሷም አታውቅም። የመኪናውን ኮፈን ከፈተ። ጎንበስ አለ። ብዙ ጊዜ ቀና አላለም።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

የሱ ጽሑፍ የለም። አሮጌዎቹ ፕላስተሮች ተነሥተው አርባ ሁለቱ ሽቦዎች አዲስ ተለጥፎባቸዋል፤ ላያቸው ላይ ያለው ግን ፊደል አይደለም፣ ሥዕል ነው። ጠብታ፣ አምፖል፣ ማራገቢያ። በአባቱ የሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ እጅ የተሣሉ፣ የልጅ ሥራ የሚመስሉ ሥዕሎች።

«ፊደል ያደክመኛል ይል ነበር አባትህ» አለች። «እኔ ቴስተሩን ይዤለት... ሲጮህ ንገሪኝ ይለኛል፤ ሲጮህ እነግረዋለሁ። ሌላ ኮምፒውተር እስኪገኝ ወራት ፈጀ። ከዚያ አንዱን ሽቦ ሲጨርስ ሌላውን ሲጀምር... አንድ ሲቀረው ታመመ።»

ያኔ ባሏ የቀበጠ መስሏት ነበር። «አምፖሉ የት አለ?» ይላታል፤ ታሳየዋለች። «ዶክተሯ!» ይላታል። አንድ ቀን ደግሞ ሥራ እየሠራ፣ ዓይኑን ከሽቦው ሳያነሣ፣ «እዚያ ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ለትልልቅ ሰዎች ያስተምራሉ። ነገ ጀምሪ» አላት። ደብተሩንም እርሳሱንም ገዝቶ ነበር፤ እሷም በማግስቱ ሄዳ ፊደል መቁጠር ጀመረች። ስልኩን ደግሞ እያነሣ፣ የልጁን ቁጥር እያየ፣ መልሶ ያስቀምጠው ነበር። ኩራት ነው ብላ ነበር። እሷ አልጠየቀች፣ እሱ አልተናገረ።

ልጁ ካቻቢቴ ፍለጋ የአባቱን የዕቃ ሣጥን ከፈተ። ከክዳኑ ውስጥ የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ ሽቦ ከነሶኬቷ ተጣብቃለች፤ ላይዋ ላይ አሮጌ ነጭ ፕላስተር አለ። ልጁ ነቅሎ ወደ ብርሃን ወሰዳት።

«የኔ ጽሑፍ ነው። ግን...» ሽቦዋን አዞረ፣ ደግሞ መልሶ አዞረ። «እኔ ሁሌ ከሶኬቱ ጀምሬ ነው የምጽፈው። ይሄ ተገልብጧል። እኔ አልለጠፍኩትም።»

እናቱ ወደ ሽቦዋ ተጠጋች።

«አንሥቶ መልሶ የለጠፈው ሰው አለ።» ድምፁ እየቀጠነ መጣ። «አባዬ ነው! ዓይኑ አያይም ነበር። ራሱ ነው የነካካው፤ ራሱ ገልብጦ ለጥፎ፣ ያንን ሁሉ ሰው ሰብስቦ እኔን... አውቆ እኮ ነው ደብቆ ያስቀመጠው! እያወቀ አልደወለልኝም!»

እናትየው ያን ጊዜ ሁሉም ገባት። ባሏ ያወቀው ከዚያች ቁራጭ ሽቦ ነው። ማንበብ የሚችል ሰው እንዲህ እንደማይለጥፍ አይቶ፣ በዚያ ቤት ማንበብ የማይችለው ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ልጁን ለመጥራት እሷን አሳልፎ መስጠት ነበረበት። አልቻለም። ስልኩን ያነሣ፣ ያስቀምጥ የነበረው በሷ ምክንያት ነው።

አሁን ዝም ብትል ደግሞ የሚበቃ ነበር። ሟች አይመልስም። «አባዬ ነው» ያለው ልጁ ራሱ ነው፤ እሷ አላለችም። ይህን ያሰበችው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ ግን ማሰቧን አወቀች፤ ፊቷ በኀፍረት ነደደ።

«እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ሽቦውን አጠብኩት። ግራሶውን ላስለቅቅላችሁ ብዬ። አሥራ አንዱ ወለቀ። መልሼ ለጠፍኩት። አላነብም ነበር፣ ልጄ፤ ፊደል የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ደብተርህንም... አንድም ቀን አንብቤልህ አላውቅም።»

ልጁ ሽቦዋን እንደያዘ አያት። ልክ እንደማያውቃት ሴት።

«ቆመሽ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሲያባርረኝ ትሪ ይዘሽ ቆመሽ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

«ስምንት ወር፣ እማዬ።»

«ስምንት ወር።»

ይቅርታ አላለችም፤ ቃሉ አነሰባት። ዞር ብላ ወደ ቤት ገባች። ክፍሉ ውስጥ አጎትየው ከሁለት ሽማግሎች ጋር ያወራ ነበር። አልተቀመጠችም።

«ጋሼ።»

«አቤት፣ ምነው?»

«ያን ቀን መኪናው የተቃጠለው በኔ ነው። ፕላስተሩን ነቅዬ በስሕተት የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ፊደል ስለማላውቅ። ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም። ያወሩትን ይመልሱልኝ።»

ጎረቤቷ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት፤ «ተይ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ።»

«ሐዘን አይደለም።»

አጎትየው ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። አንገቱን ደፋ። ሰዎቹ ዓይናቸውን ከሷ ሲያሸሹ አንድ በአንድ አየቻቸውና ወጣች።

ጋራዡ ስትመለስ ልጁ የሄደ መሰላት። ከዚያ እግሮቹን አየች። ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባው ተኝቷል። ወጥቶ አላያትም። ከውስጥ የቴስተሩ ጩኸት አንዴ ተሰማ።

«ያ የቀረው ሽቦ ይሄ ነው» አለ። ድምፁ ደረቅ ነው። «አባዬ ያልጨረሰው። ፕላስተርና ብዕር ሣጥኑ ላይ አለ።»

አነሣች።

«ምን ልሣል?»



«አትሣይ። ጻፊ። ክላክስ።»

በጉልበቷ ተንበረከከች። ፕላስተሩን መቀመጫው ላይ ዘረጋችው። ክ። ላ ላይ እግሩ የቱ ጋ እንደሚያጥር ጠፋትና ዓይኗን ጨፍና አስታወሰች። ክ። ስ። ከመስመር ወጥቷል፤ የመጨረሻው ፊደል ጠርዙ ላይ ሊወድቅ ደርሷል። ልጁ ሽቦዋን ከውስጥ አሾልኮ ወደ እጇ ገፋላት፣ ፊቱ ሳይታይ።

ሶኬቱን ፈለገች። ከሶኬቱ ጀምራ፣ ፊደሉ ቀና መሆኑን ሁለት ጊዜ አይታ፣ ለጠፈችው። በአውራ ጣቷ ጭምቅ አደረገችው። ሌላኛውን ጫፍ ልጁ ይዞታል። ፕላስተሩ ከተጣበቀ ቆይቷል፤ እሷ ግን ጣቷን አላነሣችም።