የሰይዶ እንቁላል

«ይሄን እንቁላል ከፊቴ አንሱልኝ!» አለ ዑመይር። «ወንድሜ በተቀበረ በማግስቱ ሰው ጥርሱን ሊያሳየን ነው?»

ዛህራ በረንዳው ላይ ሆና ሰማችው። አጎቷ አልተሳሳተም። ጠዋት ሐጂ ሙንታሲር የአባቷ እንቁላል መሰል ወንበር ላይ ተቀምጠው ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ወንበሩ ቀስ ብሎ ዞረና ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሰው። ድንኳኑ ሙሉ ለቀስተኛ ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነክሶ ቀረ።

«ራምዚ! መጥረቢያ አምጣ። ከዙሁር ሶላት በፊት ተፈልጦ ድስቱ ሥር ይግባ» አለ ዑመይር ልጁን።

አባቷ ሰይዶ ቡታጅራን በአልጋና በቡፌ ያጥለቀለቀ አናጢ ነበር። በወጣትነቱ አዲስ አበባ አንድ ግሪክ ዘንድ ሲሠራ፣ የፈረንጅ መጽሔት ላይ እንቁላል የመሰለ ወንበር አየ፤ አየና አበደ። ዝግባ በእንፋሎት እያጎበጠ ቀፎውን ሠራ፣ ውስጡን ቀይ ከፋይ አለበሰው፣ በአንድ የብረት እግርና በላንድሮቨር ኩሽኔታ ላይ ተከለው። የገዛው የለም። «ሁለት ሺህ ሲገባ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚቀመጠው» ይል ነበር።

የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሲገባ፣ ከጎንደር ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩት ጎረቤቱ መምህር ገብረእግዚአብሔር በር አንኳኩ። «ሰይዶ፣ ገዢዎችህ የታሉ?»

«እሱ የፈረንጆቹ ነው።»

የኛው ሁለት ሺህ ሲገባ በእንቁጣጣሽ ማለዳ ተመልሰው መጡ። «አሁንስ?»

«ይሄ ደግሞ የእናንተ ነው። እኔ የቆጠርኩት በሂጅራ ነው!»

«እንግዲያው እኔም እስከዚያ አልቀመጥበትም!» ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ሻይ የሚጠጡት ደረጃው ላይ ሆነው ነው።

ዛህራን ተማሪ ቤት «ጫጩት» ይሏት ነበር። አባቷን አንድ ሳምንት ያኮረፈችበት ጊዜም አለ። ዘንድሮ ግን በምታስተምርበት ወልቂጤ አንድ ካፌ ውስጥ ያንኑ እንቁላል በነጭ ፕላስቲክ አየችው፤ ወጣቱ ፎቶ ሊነሳበት ተሰልፏል። ወዲያው ደወለች።

«ይዞራል?» አለ አባቷ።

«አይዞርም።»

«ገና ናቸው።»

አሁን ራምዚ መጥረቢያውን ይዞ መጣ።

«አጎቴ፣ አትንኩት!»

«እሺ፣ ማን ይቀመጥበት? ንገሪኛ!»

ይሄኔ መምህር ገብረእግዚአብሔር ከዘራቸውን እየተከሉ ገቡ። «እግዜር ያጥናችሁ።» የእድሩ ወንበር ሁሉ ተይዟል። አንዱ ሊነሳላቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉትና በቀጥታ ወደ እንቁላሉ ሄዱ።

«ጋሼ፣ መሐላዎስ?» አለች ዛህራ።

«በሂጅራ ስንት ቀረው፣ ልጄ?»

«ከአምስት መቶ ዓመት በላይ።»

«ባለቤቱ ራሱ መች ጠበቀ?»

ተቀመጡ። ቀይ ከፋዩ እስከ ትከሻቸው ዋጣቸው፣ እግራቸው ከመሬት ትንሽ ተነሳ።

«ይመቻል እኮ! አይ ሰይዶ... ይሄን ሁሉ ዓመት ደረጃ ላይ...»

አልጨረሱትም። ከዘራቸው ወደቀ፣ ስቅስቅ ብለው ያለቅሱ ጀመር። ድንኳኑ በሙሉ ወደሳቸው ዞረ። ዑመይር መጥረቢያውን ከራምዚ እጅ ወስዶ ከበሩ ኋላ አስቀመጠው።

ዛህራ ከዘራውን አንስታ ጉልበታቸው ላይ አጋደመችው። ከዚያ የእንቁላሉን ጠርዝ ይዛ ቀስ አድርጋ አዞረችው። ኩሽኔታው ሲጥ አላለም፤ አባቷ ቅባት ነስቶት አያውቅም። የወንበሩ ጀርባ ለድንኳኑ፣ የሽማግሌው ፊት ለአጥሩ ሲሆን፣ እንዳይመለስ በመዳፏ ደግፋ ያዘችው።